የሜክሲኮ ቶርቲያ፦ ከደረቅ በቆሎ እስከ ምጣድ

የሜክሲኮዎች ስስ ቂጣ በሆነው የበቆሎ ቶርቲያ ውስጥ የሚገባው በቆሎ፣ ውኃና ጥቂት ኖራ ብቻ ነው። ጨው የለውም፣ ዘይት የለውም፣ እርሾም የለውም። ሆኖም ተራ የበቆሎ ዱቄት በውኃ ለውሶ ቶርቲያ ለመጋገር የሞከረ ሰው የሚያገኘው ሲጠቀለል የሚፈረካከስ ቂጣ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከመጋገሩ በፊት ባለው ምሽት ነው። በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ያደረውን በቆሎ ሜክሲኮዎች ኒክስታማል ይሉታል። ምጣድ ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛው እዚያው ድስት ውስጥ የተጀመረ ስለሆነ፣ እዚህም ሰፊውን ቦታ የምንሰጠው ለድስቱ ነው።

ኖራው ለምን ያስፈልጋል?

የበቆሎ ፍሬ ጠንካራ ገለፈት አለው። ኖራ ይህን ገለፈት ያላላዋል፤ ፍሬው ውኃ ይጠጣል፣ በውስጡ ያለው ስታርች በከፊል ይበስላል፣ ከላላው ገለፈት የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር ደግሞ ሊጡን ያያይዘዋል። በቆሎ እንደ ስንዴ ግሉተን ስለሌለው ሊጡ ሳይበታተን የሚቆየው በዚህ ነው።

ሌላው ጥቅሙ ለጤና ነው። በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ሰውነት እምብዛም አያገኘውም፤ ኖራው ነው የሚያላቅቀው። በቆሎ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ሲገባ ይህ አሠራር አብሮት አልሄደም። በቆሎ ዋና ምግባቸው በሆነ በሰሜን ስፔንና በሰሜን ጣሊያን ድሆች ላይ ፔላግራ የተባለው በሽታ የበረታው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳል ምልክቶቹን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1735 ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ብዙ ሰው ገድሏል። ስለዚህ ኖራውን ለመልክ ወይም ለጣዕም ብቻ የሚገባ አድርጋችሁ አትዩት።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ለ1 ኪሎ ደረቅ በቆሎ 10 ግራም ኖራና 3 ሊትር ውኃ ይበቃል። ከዚህ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ሊጥ ይወጣል፤ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ከ45 እስከ 50 ቶርቲያዎች ይሆናል። ሚዛን ከሌለ ሞላ ያለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኖራ ወደ 10 ግራሙ ይጠጋል፤ ሚዛን ካለ ግን መመዘኑ ይሻላል። ኖራ ሲበዛ ቶርቲያው ሳሙና ሳሙና ይላል።

በቆሎው ደርቆ የተሸለቀቀ የእርሻ በቆሎ መሆን አለበት። የፈንዲሻ በቆሎም ሆነ ትኩስ ተቀቅሎ የሚበላው ጣፋጭ በቆሎ አይሆንም። በኢትዮጵያ ገበያ ያለው ነጭ በቆሎ ይሠራል። ለዘር የተዘጋጀ በቆሎ ግን በመድኃኒት የተለወሰ ስለሚሆን ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ብዙውን ጊዜ በቀለሙ ይታወቃል። ሜክሲኮ ውስጥ ወደ 60 የሚጠጉ ነባር የበቆሎ ዘሮች አሉ፤ የዋሃካ ግዛት ሰዎች ትላዩዳ የሚሉትን ሰፊ ቶርቲያ የሚጋግሩት ቦሊታ ከሚባለው ነው፤ ፖሶሌ ለሚባለው ሾርባ ደግሞ ፍሬው ትልልቅ የሆነው ካካዋሲንትሌ ይመረጣል። ሰማያዊ በቆሎ ያገኘ ሰው ኖራውን ወደ 6 ግራም ይቀንስ፤ ሲበዛበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

ኖራ ስንል ግድግዳ የሚቀባበትን አይደለም፤ የግንባታ ኖራ ንጹሕ አይደለም። የምትፈልጉት ለምግብ የተዘጋጀውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የላቲን አሜሪካ ሸቀጥ በሚሸጥበት ሱቅ በትንንሽ ከረጢት «ካል» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ለምግብ የሚሆን ተብሎ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈበትን አትግዙ። ያልበረደ ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ውኃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል አደገኛ ነው። ዱቄቱም ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ድስቱ ከማይዝግ ብረት፣ ከኢናሜል ወይም ከሸክላ ይሁን። አልሙኒየም አይሆንም፤ ኖራው አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ድስቱንም ያጠቁረዋል። በየቤቱ ያለው ድስት ብዙው አልሙኒየም ስለሆነ ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

የምሽቱ ሥራ

በቆሎውን ልቀሙ። ጠጠር፣ ነቀዝ የበላው፣ የሻገተና የተሰባበረ ፍሬ ይውጣ። የተሰበረው ከሌላው ቀድሞ ስለሚበስል ሊጡን ያጣብቃል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ አጥቡትና የሚንሳፈፈውን አስወግዱ።

ኖራውን በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ድስቱ ውስጥ ያለው ውኃ ላይ ጨምሩና አማስሉ። በቆሎውን ስትጨምሩ ነጩ ፍሬ እንኳ ወዲያው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ኖራው ለመሥራቱ ምልክቱ ይህ ነው። ቀለሙ ካልተለወጠ ኖራው አርጅቷል ማለት ነውና በሌላ ተኩት።

እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ማውጣት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ፤ መንተክተክ የለበትም። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባም በከፍታ ከእሷ ብዙ ስለማትለይ የዚያ አገር የማብሰያ ሰዓት ለአዲስ አበባ ሰው ይሠራል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሰው ግን ውኃው 100 ዲግሪ ስለሚደርስ በቴርሞሜትር 90 አካባቢ ቢይዘው ይሻላል።

ከ20 ደቂቃ በኋላ በየ5 ደቂቃው አንድ ፍሬ እያወጣችሁ ፈትሹ። ፍሬውን በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እሹት። ገለፈቱ ተጨማዶ ከተንሸራተተ ደርሷል። ከዚያ በጥርስ ለሁለት ክፈሉትና መሃሉን እዩ፦ ዙሪያው ለስልሶ መሃሉ ላይ ነጭ፣ ደረቅ ነጥብ መቅረት አለበት። ነጥቡ ከጠፋ በዝቶበታል፣ ነገ ሊጡ ይለጠልጣል። ገለፈቱ እንቢ ካለ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት። አብዛኛው በቆሎ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ጠንካራው ዘር ይዘገያል። ሰዓቱን ሳይሆን ፍሬውን እመኑ።

እሳቱን አጥፍታችሁ ክደኑትና ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ይደር። ያን ነጭ ነጥብ የሚያለሰልሰው ይህ ማደሩ ነው። ስለዚህ የማታውን ሥራ ጠዋት ላይ በረዥም መቀቀል መተካት አይቻልም፤ ውጪው ፈርሶ ውስጡ ይደርቃል።

ማጠብና መፍጨት

ጠዋት ላይ የምታገኙት ቢጫና ወፍራም ውኃ ኔሃዮቴ ይባላል። ኖራው ስላለበት ችግኝ ላይ አትድፉት። በቆሎውን በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ፣ በመዳፍ እያሻችሁ እጠቡ። አንዳንዱ መመሪያ ገለፈቱ አንድም ሳይቀር ይውጣ ይላል፤ ለቶርቲያ አንስማማበትም። የቀረው ገለፈት ሊጡ እንዲያያዝ ይረዳል፣ መዓዛውም ከዚያ ነው። ሙልጭ አድርጎ ማውጣት የሚገባው ለፖሶሌ ነው፤ ገለፈት ካለበት ፍሬው ሲቀቀል እንደሚፈለገው አይፈነዳም።

በጥንቱ አሠራር ኒክስታማል የሚፈጨው በሜታቴ ነው። ሦስት እግር ያለው፣ ወደ ፊት ያዘነበለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን ሴቶች ተንበርክከው በላዩ ላይ የእጅ ድንጋይ ያመላልሱበታል፤ የእኛን ወፍጮና መጅ የሚያውቅ ሰው ሲያየው አይደናገርም። ዛሬ በሜክሲኮ ሰፈሮች ቤቱ ኒክስታማል የሚያዘጋጅ ብዙ ሰው ባልዲውን ይዞ ወደ ኒክስታማል ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የእኛ ወፍጮ ቤቶች ግን የሚፈጩት ደረቅ እህል ስለሆነ እርጥቡን በቆሎ አትውሰዱባቸው፣ ይደፈናሉ።

ቤት ውስጥ የሚበጀው በእጅ የሚዞር የበቆሎ ወፍጮ ነው፤ ብሎኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ አሳልፉት። በኤሌክትሪክ መፍጫ የምትሠሩ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም አታስበልጡ፣ በማንኪያ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ጎኑን እየጠረጋችሁ ፍጩ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ሊጥ ሻከር ስለሚል ባቄላ ለሚሞላው ወፍራም ቂጣ ለትላኮዮ ወይም ተጠቅልሎ በእንፋሎት ለሚበስለው ለታማል ይበልጥ ይስማማል። ከተፈጨ በኋላ በጣት ስታሹት አሸዋ አሸዋ የሚል ሊጥ ምጣድ ላይ አይነፋም።

ሊጡን በጥቂት ውኃ አሹት። መጠኑ እንደ አፈጫጨቱ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሊደርስ ይችላል። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ ትንሽ አድቦልቡሉና በመዳፍ ጨፍልቁት። ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ደርቋል፣ በሾርባ ማንኪያ ውኃ ጨምሩ። እጅ ላይ ከተጣበቀ ረጥቧል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት።

መጫንና መጋገር

ከ35 እስከ 40 ግራም እየመዘናችሁ አድቦልቡሉ፤ ተራው እስኪደርስ ሁሉም በእርጥቡ ጨርቅ ሥር ይቆይ። ከወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ሁለት ክብ ቁረጡ። ሊጡን በሁለቱ መሃል አድርጋችሁ በቶርቲያ መጫኛ፣ ማለትም በማጠፊያ በተያያዙ ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች፣ ጫኑት፤ ማጠፊያው በኩል ያለው ሁልጊዜ ስለሚሳሳ በግማሽ ዙር አዙራችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ድገሙት። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። መጫኛ የሌለው ሰው ከባድና ታቹ ለጥ ያለ መጥበሻ ይጠቀም። የላዩን ፕላስቲክ ላጡ፣ ቶርቲያውን መዳፋችሁ ላይ ገልብጡ፣ የታቹን ላጡ። ፕላስቲኩን ከሊጡ ላይ እንጂ ሊጡን ከፕላስቲኩ ላይ አትሳቡ፤ ይቀደዳል።

ምጣዱ፣ በእነሱ ኮማል፣ የብረት ወይም የሸክላ ነው። አዲስ የሸክላ ኮማል ከመጠቀም በፊት ፊቱን በተበጠበጠ ኖራ ቀብቶ አድርቆ ማጋል የተለመደ ነው፤ ሊጡ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የእንጀራ ምጣድም ይሠራል፤ በጎመን ዘር ወይም በዘይት አታስሱት፣ አክንባሎም አትክደኑበት። የውኃ ጠብታ ሲነካው ዘሎ ወዲያው የሚተን ከሆነ ሙቀቱ ደርሷል።

ቶርቲያውን ሳይታጠፍ ዘርጉት። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ ቆይቶ ጠርዙ ሲላቀቅ ገልብጡት። በሁለተኛው ፊት ግን 45 ሰከንድ ያህል፣ ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ይቆይ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትገለብጡት መነፋት አለበት፤ ካመነታ በታጠፈ ጨርቅ መሃሉን ጫን ጫን አድርጉት። የሚነፋው ሁለቱ ፊቶች ቀድመው ስለተዘጉ ውስጥ የቀረው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ነው። የመጀመሪያው ፊት ብዙ ከቆየ ደርቆ ይሰነጠቅና እንፋሎቱ ያመልጣል። ሁሉም እንቢ ካለ ግን ወይ ምጣዱ ቀዝቅዟል፣ ወይ ሊጡ ደርቋል፣ ወይ አልላመም።

ከምጣድ የወጣውን ወዲያው አትብሉት። በወፍራም ጨርቅ በተሸፈነ ቅርጫት ውስጥ ደራርባችሁ 10 ደቂቃ ክደኑት። የሚለሰልሰውና ሳይሰበር የሚጠቀለለው በራሱ እንፋሎት እዚያ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፣ ከዚያም ጥፋቱን በሊጡ ላይ ያደርጋል።

ጊዜ ከሌለ

ከኒክስታማል ደርቆ የተፈጨ ዱቄት ይሸጣል፤ ከታወቁት አንዱ ማሴካ ነው። 2 ኩባያ ዱቄት በ1 ተኩል ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ታሽቶ 20 ደቂቃ ያርፋል፣ አጋገሩ ያው ነው። መዓዛው ከትኩሱ ያንሳል፤ ቢሆንም ተራ የበቆሎ ዱቄት አይተካውም። ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ በኖራ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጡ።

ከቶርቲያው ጋር

በመጀመሪያ ትኩሱን ጨው ነስንሳችሁ ጠቅልላችሁ ቅመሱት፤ ሜክሲኮ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ታኮ (በቶርቲያ የተጠቀለለ ምግብ) ነው፣ የጨው ታኮ ይሉታል። ሊጡ ጥሩ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ከሊጡ ጥቂት አስተርፋችሁ ትላኮዮ መሥራት ትችላላችሁ፦ 80 ግራም ሊጥ ውስጥ ተቀቅሎ የተፈጨ ባቄላ አድርጋችሁ ሞላላ ጠፍጣፋ ካደረጋችሁ በኋላ በመለስተኛ እሳት በእያንዳንዱ ፊት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ጋግሩት። በሜክሲኮ ሲቲ ጎዳናዎች በሰማያዊ በቆሎ ሲሠራ ታያላችሁ፤ አይብ ካልተደረገበት የጾም ምግብ ይሆናል።

ጥሬው ሊጥ ከማቀዝቀዣ ውጭ በአንድ ቀን ይኮመጥጣል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን 2 ቀን ይቆያል። የታጠበው ኒክስታማል ሳይፈጭ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። በማግስቱ የደረቀውን ቶርቲያ ስድስት ቦታ ቆርጣችሁ በጋለ ዘይት ጥበሱት፤ ቶቶፖ ይሆናል። ቶቶፖውን ትኩስ የቲማቲምና የቃሪያ ስልስ ውስጥ አንድ ደቂቃ ብቻ አገላብጣችሁ ስታወጡት ደግሞ ቺላኪሌስ ነው። ለዚህ ትኩስ ቶርቲያ አትጠቀሙ፤ ዘይት ይጠጣና ስልሱ ውስጥ ይፈርሳል።