የወርክሾፕ መብራት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በብረት፣ በእንጨትና በልብስ ስፌት ቤቶች መብራት ስዘረጋና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሠራተኛ ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ ባለ ቁጥር ባለቤቱ የሚያዘኝ አምፖል እንድጨምር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የብርሃን ማነስ አይደለም።

የሚሽከረከር ማሽን የቆመ ይመስላል

ይህን የማስቀድመው እጅ ስለሚያሳጣ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በአሮጌው፣ ከባዱ ባላስት (ወደ መብራቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን ዕቃ) የሚሠራ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ዓይን አይለየውም። ባለ ሦስት መንጋጋ የቶርኖ ቻክ (የሚሠራውን ብረት ነክሶ የሚያዞረው የማሽኑ ክፍል) በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር፣ ከአንዱ ድምቀት እስከ ቀጣዩ ድረስ ልክ ሲሶ ዙር ይሄዳል። አንዱ መንጋጋ የሌላውን ቦታ ስለሚይዝ ዓይን “ቆሟል” ብሎ ያምናል። አንድ ወጣት ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ይዞ እጁን ወደ እንዲህ ያለ ቻክ ሲሰድ አይቻለሁ። አጠገቡ መፍጫ ይጮኽ ስለነበር የሞተሩን ድምፅ አልሰማም። ክንዱን ይዘን ጎተትነው።

ለመፈተሽ ከመብራቱ ሥር እስክሪብቶ ይዛችሁ ፈጠን አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙ። እንደ ጭስ ተዘርግቶ ከታያችሁ ደህና ነው፤ ብዙ እስክሪብቶ የተደረደረ ከመሰላችሁ መብራቱ ይርገበገባል። ባላስቱን በኤሌክትሮኒክ ቀይሩ፣ ወይም ኤልኢዲ ግጠሙ። ርካሽ ኤልኢዲም ይርገበገባልና በካርቶን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ወስዳችሁ በእስክሪብቶ ሞክሩት። ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች) ካላችሁ ጎን ለጎን ያሉትን መብራቶች በተለያየ ፌዝ ላይ አድርጓቸው፤ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይደምቃል። ወጪው የሠራተኛው አይደለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛን ደህንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት፣ የዓይን መቅላትና ማቃጠል

መርገብገብ ይህንንም ያመጣል። እስክሪብቶው ደህና ካለ ግን ነጸብራቅ ፈልጉ። መስታወት በሥራ ጠረጴዛው ላይ አስተኙና በቦታችሁ ተቀመጡ፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚታያችሁ አምፖል ነው ዓይናችሁን የሚወጋው። ኮምፒውተር ከሆነ ስክሪኑን አጥፍታችሁ በጥቁሩ መስታወት ላይ የሚታየውን ተመልከቱ። ጠረጴዛውን አዙሩት፤ መስኮቱ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን ይሁን። ራቁቱን ያለ አምፖል ሽፋን ይደረግለት።

ሠራተኛው ሥራው ላይ ያጎነብሳል፣ አንገቱን ያመዋል

ጥቁር ሱፍ በጥቁር ክር የሚሰፉ አንድ እናት አፍንጫቸው መርፌውን ሊነካ ደርሶ ነበር። መብራቱ ከጀርባቸው ስለነበር የገዛ ጥላቸው መርፌው ላይ ያርፋል። በማሽኑ ራስ ላይ ትንሽ መብራት በግራ በኩል ስገጥምላቸው ወዲያው ቀና አሉ። የአውሮፓ መመዘኛ ለቢሮ ጽሑፍ ሥራ 500 ሉክስ (ሥራው ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ሲጠይቅ ለስፌት 750 ይጠይቃል። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ ከወጣቱ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀስ ብለው ሲሠሩ በስንፍና አትውሰዱባቸው። የክፍሉን መብራት ግን አታጥፉ፤ ከደማቅ ወደ ጨለማ መመላለስ ዓይንን ያደክማል።

ብርሃኑ ከወር ወር እየደከመ ይሄዳል

አቧራና የእንጨት ብናኝ ነው። አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ፍሎረሰንት ከተሰበረ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ መስኮት ክፈቱና ለጥቂት ደቂቃ ውጡ፤ ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በጠንካራ ወረቀት ልቀሙት።

አንዱ መስመር ሲደምቅ ሌላው ይደበዝዛል

ይህ የአምፖል ችግር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ኒውትራሉ፣ ማለትም የጋራ መመለሻው ሽቦ፣ ላልቷል። ሦስት ፌዝ ባለበት ቤት ኒውትራል ከተቋረጠ አንዳንዱ መስመር ከ220 ቮልት በላይ ይወጣል፣ ዕቃ ይቃጠላል፣ እሳትም ይነሳል። ዋናውን ብሬከር አውርዱና ኤሌክትሪሺያን እስኪመጣ መልሳችሁ አታብሩት።