አበባ ወደ ውጭ ልትልኩ ነው? እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የአበባ እርሻ ሲታሰብ የብዙ ሰው ዓይን ግሪንሃውሱ ላይ ያርፋል። ፕላስቲኩ፣ ብረቱ፣ የጠብታ መስኖው። ገንዘብ በብዛት የሚቀልጠው ግን አበባው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ቅዝቃዜን ለመጨረሻ መተው። ጽጌረዳ ተቆርጣም ትተነፍሳለች፤ ሲሞቃት ቶሎ ትፈነዳለች። ስለዚህ ወዲያው ከነባልዲዋ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ወዳለው ቀዝቃዛ ክፍል መግባት አለባት። ክፍሉን አሳምሮ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ላይ የሚቆጥብ ሞልቷል። የቀዘቀዘ አበባ መንገድ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ካርቶኑ ውስጥ ጤዛ ይቋጥራል። ግራጫ ሻጋታ ደግሞ እሱን ነው የሚፈልገው። ቦሌ ላይ ምንም አይታይም። እምቡጡ ላይ ነጠብጣቡ የሚወጣው ኔዘርላንድ ሲደርስ ነው፤ ያኔ የአውሮፕላኑ ሂሳብ ተከፍሏል።

ዝርያን በፎቶ መምረጥ። ሆለታ ደጋ ነው፤ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ እምቡጡ ይተልቃል፣ ዘንጉ ይረዝማል። ባቱ (ዝዋይ) ቆላ ቀመስ ነው፤ እምቡጡ ያንሳል፣ ምርቱ ይበዛል። ጎረቤት ስለተከለው ብቻ አትትከሉ። ለዝርያው ባለቤት የሚከፈለውን ሮያሊቲም ከወጪ አስገቡት።

ጨረታ ላይ ብቻ መንጠልጠል። በኔዘርላንዱ የአበባ ጨረታ በአልስሜር ዋጋ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ይገዛል። ገዢ ሲጠፋስ? በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ኮሮና ሲመጣ እዚያ አበባ በገፍ ተጣለ። ከፊሉን በቀጥታ ውል ለሱፐርማርኬት መሸጥ ያዋጣል፤ እነሱም ሰርተፍኬት ይጠይቃሉ እንጂ ዝም ብለው አይገዙም። ቀኑንም አስቡት፤ ለፍቅረኞች ቀን የሚደርስ ጽጌረዳ ከብዙ ሳምንታት አስቀድሞ ተገርዞ ማለቅ አለበት።

ተባይን አቅልሎ ማየት። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ በተባለው የእሳት እራት ምክንያት በጽጌረዳ ላይ ቁጥጥሩን አጥብቋል። ትሉ እምቡጥ ውስጥ ስለሚደበቅ ማሸጊያ ቤት ላይ ብቻ መፈተሽ አይበቃም።

ሠራተኛንና ውሃን መርሳት። መድኃኒት በተረጨ ግሪንሃውስ ውስጥ የተወሰነው ሰዓት ሳይሞላ ሰው ማስገባት ወንጀል ነው ብዬ ነው የማየው። ፍሳሹን ሳያጣሩ ወደ ሐይቅ መልቀቅም ከዚያ አይተናነስም።

ብድርም አለ። ከወጪው 70 በመቶውን ልማት ባንክ፣ 30 በመቶውን ባለሀብቱ እየሸፈነ ዘርፉ ቶሎ አደገ፤ ባንኩ የወረሳቸው እርሻዎችም ግን አሉ። ዕቅዳችሁን ስታወጡ በጥሩው ወር ዋጋ አታስሉ። አውሮፓ የራሱ አበባ በሚበዛበት በሐምሌ ዋጋ አስሉት።