ደረጃ የወጣለትን የጃንሆይ ብር እንደገና ለምዘና ከመላካችሁ በፊት

አሜሪካ ደርሶ፣ የወረቀት ገንዘብ እየመዘነ ደረጃ በሚሰጠው በፒኤምጂ ድርጅት 58 ተብሎ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ የተመለሰ የጃንሆይ ሃምሳ ብር እጃችሁ ላይ አለ እንበል። ላይ ላዩን ሲያዩት አዲስ ነው፤ ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ጥጉ አልተበላም። ያኔ «መዛኙ በደንብ አላየውም፤ መልሼ ብልከው 64 ይሰጡኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለሰብሳቢ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ነገር የለም። ብዙ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ራሱን ኖቱን የሚያስከፍለው ይኸው ሐሳብ ነው።

ቁጥሩን እንረዳ። ከ1 እስከ 70 የሚሄደውን መለኪያ ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለቀድሞ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር ያወጣው፤ ወደ ወረቀት ገንዘብ የተሻገረው ኋላ ነው። በወረቀት ገንዘብ ላይ በ58 እና በ60 መካከል ግድግዳ ቆሟል፤ ግድግዳው እጥፋት ነው። 58 ማለት ሥዕሉን የሚያቋርጥ አንድ ቀላል እጥፋት ያለበት ኖት ማለት ነው። ከ60 ጀምሮ ወደ ላይ ሥዕሉን የሚያቋርጥ እጥፋት አይፈቀድም። ስለዚህ የእናንተ 58 ወደ 64 የሚወጣው እጥፋቱ መጀመሪያውኑ ካልነበረ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ አዳማ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ ሳንቲም ሳታወጡ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ክፍሉን አጨልሙ። ኖቱን ከነፕላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ትንሽ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን አብሩበትና ብርሃኑን በአራቱም አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የፕላስቲኩ ነጸብራቅ ካስቸገረ ባትሪውን ሳይሆን ኖቱን አዘንብሉ። እውነተኛ እጥፋት ቃጫውን ስለሰበረ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፤ በአንዱ ገጽ ጉብታ፣ በሌላው ጎድጓዳ ነው። ባንክ ውስጥ ሲቆጠር የተረፈ ጎበጥ ማለት ግን ለስላሳ ሞገድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥግ አካባቢ ይሆናል፣ መስመር የለውም። በሁለቱም ገጽ መስመር ካያችሁ 58ቱ ትክክል ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ፍለጋው የት ላይ መበርታት እንዳለበት የአገራችን ብር አያያዝ ራሱ ይነግራል። በመቀነት ተቋጥሮ የኖረ ብር መሐሉ ላይ ታጥፎ፣ እንደገና ታጥፎ፣ አንዳንዴ ስምንት ቦታ ይከፈላል። መጽሐፍ ውስጥ የተቀመጠ ደግሞ እጥፋት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ከገጹ ጋር የተነካካበት በኩል ቢጫ ጥላ ይይዛል። በእስፒል ወይም በስቴፕል ከተያዘ እስር የወጣ ኖት እጥፋት ባይኖረውም በግራ ወይም በቀኝ ጫፉ ቀዳዳ አለው። ኖቱን ወደ መብራት አንስታችሁ እዩ፤ የእስፒል ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል። አስር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ስታዩት ዙሪያው ቡናማ ከሆነ ዝገት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት አደጋ አለ፦ የመጀመሪያው መዛኝ ያላየውን ቀዳዳ ሁለተኛው ሊያየው ይችላል። ያኔ ደረጃው ባይወርድ እንኳ ቀዳዳው ሌብሉ (ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ደረጃው የተጻፈበት ወረቀት) ላይ ይጻፋል፤ እስካሁን ንጹሕ የነበረ ሌብል ዳግመኛ ንጹሕ አይሆንም።

እጥፋት ለሌለበት ኖት ቀጣዩ ነገር ህዳግ ነው። አራቱንም ነጭ ጠርዞች በሚሊሜትር ማስመሪያ ለኩና ጻፉ። 65 የሚባለው ኖት ሥዕሉ ወረቀቱ መሐል ላይ ከመካከለኛ በላይ በሆነ ሁኔታ የተቀመጠ መሆን አለበት። አንዱ ጎን 2 ሚሊሜትር፣ ተቃራኒው 5 ከሆነ 64 ማለታቸው ትክክል ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ሲቆርጠው የሠራውን ማንም አያስተካክለውም። አራቱም ጎን ተቀራርበው፣ ጥጎቹ ሹል ሆነው፣ ሌብሉ 64 ኢፒኪው የሚል ከሆነ ግን መልሶ መላክ ከሚያስቡት ጥቂት ኖቶች አንዱ ይህ ነው።

ኢፒኪው ያልናት ምልክት የነገሩ ሁሉ እምብርት ናት። ፒኤምጂ ወረቀቱ እንደተፈጠረ መሆኑን፣ ማለትም አለመታጠቡን፣ አለመተኮሱን፣ አለመጠገኑን ሲያምን የሚሰጠው ነው፤ ሌላው መዛኝ ድርጅት ፒሲጂኤስ ለተመሳሳይ ነገር ፒፒኪው ይላል። በፒኤምጂ ያለ ኢፒኪው 65 እና ከዚያ በላይ አይሰጥም። መልሶ ለመላክ ሲባል ኖቱን የነካካ ሰው የሚያጣው ይህችኑ ነው።

ስለመተኮስ ረዘም አድርገን እንናገር፤ ጥፋቱ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። «ኖቱን ተኩሳችሁ መልሳችሁ ላኩ» የሚለው ምክር የተወሰደው ከኮሚክ መጽሐፍ (በሥዕል ከሚተረክ መጽሐፍ) ሰብሳቢዎች ነው። ኮሚክ የሚመዝነው ሲጂሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ ሲሆን በሙቀት መተኮስን እንደ ጥገና አይቆጥረውም፤ ስለዚህ እዚያ ፕላስቲኩን ሰብሮ፣ መጽሐፉን አስተኩሶ፣ ከ9.4 ወደ 9.8 ለማድረስ መልሶ መላክ የታወቀ አሠራር ነው። ሲጂሲና ፒኤምጂ የአንድ ቡድን ድርጅቶች ስለሆኑ ሕጉም አንድ የሚመስለው ሰው አለ። አንድ አይደለም።

ልዩነቱ ከኅትመቱ ይመጣል። የኮሚክ ወረቀት ገጹ ዝርግ ነው። የገንዘብ ኖት ግን በተቀረጸ ሳህን ላይ በከባድ ጫና ስለሚታተም ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ይላል፣ ወረቀቱም ከኋላ በኩል ጎድጎድ ይላል። በጣት ጫፍ የሚሰማው ያ ሻካራነት ነው። ካውያ፣ እርጥበትና ክብደት ሲያርፍበት ከፍታው ይደፈጠጣል። መዛኙ ኖቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ሲያይ ሕይወት የሌለው ዝርግ ወረቀት ያያል፤ ኢፒኪው በዚያው ይቀራል። የተሰበረው ቃጫ ደግሞ አልዳነም፤ በጎን ብርሃን መስመሩ እንደገና ይታያል። ማጠብ ከዚህ ይብሳል። የልብስ ሳሙና ነጭ የሚያደርግ ኬሚካል ስላለው የታጠበ ኖት በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ መዛኞች ደግሞ ያ መብራት አላቸው። ከቤተሰብ ሙዳይ የወጣ፣ ትንሽ የቆሸሸ ነገር ግን ያልተነካ ብር ከታጠበው ሁልጊዜ ይሻላል። እባካችሁ አትጠቡ፣ አትተኩሱ፣ በላጲስ አትነካኩ።

ስሌቱ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሠራም። ለምሳሌ ያህል ኖቱ አሁን 100 ዶላር ያወጣል፣ አንድ ደረጃ ቢጨምር 140፣ ቢወርድ 75 ይሆናል እንበል። የምዘና ክፍያው፣ የማስተናገጃው፣ የመልስ መላኪያውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ 30 ይሁን። ከ10 ጊዜ 3ቱን ይጨምራል፣ 5ቱን ባለበት ይቀራል፣ 2ቱን ይወርዳል ብትሉ በአንድ ሙከራ በአማካይ የምትጠብቁት ትርፍ 12፣ የምትጠብቁት ኪሳራ 5፣ ወጪው 30 ነው። 23 ዶላር ከስራችኋል። ክፍያው ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አይመለስም። ስለዚህ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቢያንስ የወጪውን አራት እጥፍ ካልሆነ ፖስታውን አትግዙ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ያወጣቸው ብሮች አብዛኞቹ በዚህ ስሌት ይወድቃሉ። በሌላው ጫፍ ያሉት፣ ለምሳሌ የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣቸው ኖቶች፣ ብርቅ ስለሆኑ ገዢው የሚከፍለው በአንድ ቁጥር ልዩነት ሳይሆን ለመገኘታቸው ነው፤ እነሱን ለአንዲት ነጥብ ብሎ ማንገላታት ተገቢ አይደለም።

ሌብሉ ላይ የተጻፈው ስህተት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጡት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ኖቶች እንደ ባንኩ ገዥ ፊርማ ይለያያሉ፤ የብሎወርስ ፊርማ ያለበትና የሮዜል ፊርማ ያለበት የተለያየ የካታሎግ ፊደል አላቸው። ሌብሉ ፊርማውን ካሳሳተ የምትጠይቁት እርማት እንጂ ምዘና አይደለም። ፎቶ አንሥታችሁ መጀመሪያ በኢሜይል ጻፉላቸው፤ ቅጹ ላይም «እርማት» የሚለውን ምረጡ።

ለመላክ ከወሰናችሁ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ኖቱን ከነፕላስቲኩ ለዚያው ድርጅት እንደገና እንዲያይ መስጠት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የአገልግሎቱን ደንብ አንብቡ፤ ደረጃው ሊወርድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው እዚያ ተጽፏል። ሁለተኛው ወደ ሌላ ድርጅት ማሻገር ነው። እዚህ ቅጹ ላይ ዝቅተኛ ደረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ «64» ብላችሁ ከሞላችሁና እነሱ 63 ነው ካሉ ኖቱ ሳይከፈት በአሮጌው ፕላስቲክ ይመለሳል። ቦታውን ባዶ መተው ትልቅ ስህተት ነው፤ በማንኛውም ደረጃ ክፈቱት እንደማለት ሊቆጠር ይችላል። ሦስተኛው ራስ ከፍቶ ጥሬውን መላክ ነው። መዛኙ የቀድሞውን ቁጥር ሳያይ ይመዝናል ተብሎ ይታመናል፤ እኛ ግን አንመክረውም። ከከፈታችሁ በኋላ ከታች የሚይዛችሁ የለም፤ 58 የነበረው 53 ሆኖ ቢመለስ የምታሳዩት ማስረጃ እንኳ የላችሁም።

እምቢ ብሎ የሚከፍት ካለ፣ አዳማ ውስጥ ወቅቱን ይምረጥ። በበጋ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱም አቧራ ያዘለ ነው። በደረቅ አየር ፕላስቲኩ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዝና ኖቱን ይስባል፤ ስታወጡት ጥጉ ይጣበቃል፣ ይታጠፋል። ሐምሌና ነሐሴ ይሻላሉ። መስኮትና ቬንቲሌተር ዝጉ፤ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ (የጨርቅ ጓንት የጥግን ስስነት ስለማያሰማ ባዶ እጅ ይመረጣል)። አስቀድማችሁ ሁለቱንም ገጽ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። ከኖቱ በጣም የራቀውን የፕላስቲክ ጠርዝ በትንሽ መቀስ ቆርጣችሁ፣ ሁለተኛውን ጠርዝ አስከትሉና ፕላስቲኩን እንደ መጽሐፍ ግለጡት። ኖቱን አትጎትቱት፤ ራሱን እስኪለቅ አዘንብሉት። ወዲያው ማይላር ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ልባስ ውስጥ አስገቡት። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ለስላሳ የፒቪሲ ልባስ ከጊዜ ጋር ወዝ ስለሚያወጣ ኖቱን ያበላሻል። አሮጌውን ሌብል አትጣሉት፤ ከአዲሱ ቅጽ ጋር መልሱላቸው። ካልተመለሰ አንዱ ኖት በድርጅቱ መዝገብ ላይ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሦስት ጊዜ የተላከ አንድ ብር ሦስት ብር መስሎ ይታያል፤ የዚያ ዓይነት ኖት ያላቸው ሁሉ፣ እናንተም ጭምር፣ ዋጋ ታጣላችሁ።

መንገዱ ሌላ ፈተና ነው። ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ኩሪየሮች የገንዘብ ኖት አይቀበሉም፤ «ሰነድ» ብሎ አስመዝግቦ መላክ ደግሞ ቢጠፋ ካሳ አያስገኝም። ከዚያ በፊት ግን ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ የእናንተ ኖት በዚህ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንጂ እናንተ አይደላችሁም። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ ቦሌ ላይ ከመከራከር ያድናል። ኖቱ ውጭ አገር ባለ ዘመድ እጅ ከሆነ ከዚያው እንዲላክ ማድረግ ከሁሉም ይቀላል። በፍጥነት መንገዱ ስትሄዱ ኖቱን የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ የአዳማ የቀትር ፀሐይ መኪና ውስጥ ሲያዝ ወረቀት ይቆለምማል።

ሲያሽጉ ኖቱ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል ይሁን፤ ካርቶኑ ከፕላስቲኩ በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር ይብለጥ። ቴፑ ካርቶኑን ከካርቶን እንጂ ፕላስቲኩን እንዳይነካ። የቅጹን ቅጂ ውስጡ፣ ሌላውን ቤት አስቀምጡ።

ተመልሶ ሲመጣ ፖስታውን በስልክ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ክፈቱ። የተከታታይ ቁጥሩን ከስካኑ ጋር አመሳክሩ፤ አራቱን ጥጎች በመነጽር እዩ፤ የሌብሉን ቁጥር ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፎቶው የእናንተው ኖት መሆኑን አረጋግጡ። ስካኑ ላይ ያልነበረ ጉዳት ካለ ፕላስቲኩን ሳትከፍቱ በዚያው ቀን ጻፉላቸው።