የተሰፋ ቁስልን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ እንዴት ማጠብና ማሸግ ይቻላል

በጥቁር አንበሳ፣ በዘውዲቱ ወይም በራስ ደስታ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ቁስሉን በሚኖርበት አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ እንዲያስጠብ ይነገረዋል፤ ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ራሱ እንዲያጥብለት የሚፈቀድበት ጊዜም አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በስፌት የተዘጋ፣ ደረቅ የሆነና ሐኪሙ ወይም ነርሷ በቤት እንዲታጠብ የፈቀዱትን ቁስል ብቻ ነው። ክፍት የሆነና ጥልቅ ቁስል፣ ቱቦ የገባበት ቁስል፣ ቃጠሎ እንዲሁም የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ለባለሙያ የሚተዉ ናቸው፤ በተለይ የመጨረሻው፣ የስኳር ሕመም የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ፣ ቁስሉ እየባሰ እንኳ ሕመምተኛውን ላያመው ይችላል።

ጀርምን ወደ ቁስል ከሚያደርሱት ነገሮች ዋነኛው እጅ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው ሰው በየደረጃው «ይህ እጅ መጨረሻ የነካው ምንን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተሠራው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ዝግጅት

ሐኪሙ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ ወይም ማሸጊያው ካልራሰ በስተቀር በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቁስሉ አይከፈትም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል፤ ቤቱ ተጠርጎ አቧራው ሳይረጋ ወይም ቡና ተቀራርቦ እጣን እየጨሰ ሳለ መጀመር አይገባም። ጠያቂ መጥቶ ከሆነም ይሉኝታ ሳይይዝዎት ውጭ እንዲቆይ ይጠይቁ፤ «እስቲ ልየው» ብሎ ጎንበስ እያለ የሚያወራ ወዳጅ ከአፉ የሚወጣው ጠብታ በቀጥታ የተከፈተው ቁስል ላይ ያርፋል።

አንድ ትሪ በሳሙና አጥበው ያድርቁና በአልኮል ይወልውሉት። ከፋርማሲ የተገዛው ጎዝ (ቁስል የሚጸዳበትና የሚሸፈንበት ስስ ጨርቅ) የታሸገበት ወረቀት ያልተቀደደና ያልረጠበ፣ ጊዜውም ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጡ። 0.9 በመቶ የሆነ ኖርማል ሳላይን (ቁስል የሚታጠብበት የጨው ውሃ)፣ አንድ ጥንድ ተራ ጓንት፣ አንድ ጥንድ ደግሞ ከጀርም ነጻ ሆኖ ለብቻው የታሸገ ጓንት ያስፈልጋል። ፕላስተሩን አስቀድመው በመቁረጥ ጫፍ ጫፉን በትሪው ጠርዝ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም በንጹሕ ጓንት የፕላስተር ጥቅል ከመፈለግ ያድናል። ለቆሻሻ የሚሆነውን ፌስታል አፉን ከፍተው እጅዎ በትሪው ላይ ማለፍ በማይኖርበት በኩል ያስቀምጡ።

ሳላይን ካልተገኘ ፈልቶ በክዳን እንደተሸፈነ የቀዘቀዘ ውሃ ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በመሆኑም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ እሳት ላይ ይቆይ።

እጅ መታጠብ

ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ የጣቶችን መሐል፣ አውራ ጣትንና የጥፍር ሥርን ጨምሮ ይታጠቡ። በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ከሌለ በሳህን የተቀዳ ውሃ ውስጥ እጅ መንከር አያጸዳም፤ ይልቁንም እንግዳ እንደምናስታጥበው ሌላ ሰው በጆግ ያፍስስልዎ። ከታጠቡ በኋላ በነጠላ ጫፍ ወይም በሽርጥ ማድረቅ ልፋቱን ከንቱ ስለሚያደርገው አዲስ ሶፍት ይጠቀሙ። ሳኒታይዘር የሚሠራው በዓይን የሚታይ እድፍ በሌለበት እጅ ላይ ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት ይኖርበታል።

መክፈትና ማጠብ

ተራውን ጓንት አድርገው፣ በአንድ እጅ ቆዳውን ደገፍ እያደረጉ፣ ፕላስተሩን ከዳር ወደ ቁስሉ አቅጣጫ ቀስ ብለው ያንሱት። ጎዙ ከተጣበቀ በሳላይን አርሰው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ እንጂ አይንጩት፤ ሊድን የጀመረው ቆዳ አብሮት ይነሳል። የወጣውን ጎዝ ከመጣልዎ በፊት ቀለሙንና ሽታውን ይመልከቱ። ቀጥሎ ጓንቱን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው ያውልቁና እጅዎን እንደገና ይታጠቡ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው፤ አሮጌውን ጎዝ ያነሳ እጅ አዲሱን መንካት የለበትም።

የጎዙን ማሸጊያ ከጠርዙ ገልጠው ውስጡን ሳይነኩ ከጀርም ነጻ የሆነውን ጓንት ያጥልቁ፤ ሳላይኑን የሚያፈስስልዎ ሰው የጠርሙሱን አፍ ከጎዙ ጋር አያነካካ። የስፌቱን መስመር ከላይ ወደ ታች በአንድ ጎዝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርገው ይጣሉት፤ በአዲስ ጎዝ አንዱን ጎን፣ በሌላ ደግሞ ሁለተኛውን ያጽዱ። ሁልጊዜም ጉዞው ከስፌቱ ወደ ውጭ ነው፤ የዙሪያውን ቆዳ የጠረገ ጎዝ ወደ ስፌቱ አይመለስም።

ባለሙያ ካላዘዘ በስተቀር አልኮልና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ቁስል ላይ አይደረጉም፤ ጀርምን ሲገድሉ አዲሱን ሥጋም ይጎዳሉ። የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን መነስነስም ሆነ ቅቤ መቀባት ፈጽሞ አይገባም።

በደረቅ ጎዝ ጠብ ጠብ አድርገው ካደረቁ በኋላ ከቁስሉ ዳር በየአቅጣጫው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ በሚሸፍን አዲስ ጎዝ ያሽጉት። ቃጫው ስፌት ላይ ስለሚቀር ጥጥ በቀጥታ አይደረግም። ፕላስተር ጣትን ወይም እጅን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ማሰር የለበትም፤ ሲያብጥ የደም ዝውውርን ያግዳል። የታሸገበትን ቀንና ሰዓት ፕላስተሩ ላይ ይጻፉ።

ከዚያ በኋላ

ቆሻሻውን በሁለት ፌስታል ደርበው ይቋጩ፤ በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡት ሰዎች በእጃቸው ነው የሚያነሱት። መርፌና ምላጭ ካለ በጠንካራ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ተደርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ።

ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ቀንሶ የነበረው ሕመም እንደገና ከበረታ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ ወይም ስፌቱ ከተከፈተ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከደማ በንጹሕ ጎዝ 10 ደቂቃ ሙሉ፣ ቆመ አልቆመ እያሉ ሳይገልጡ፣ ይጫኑት፤ ካልቆመ እየተጫኑ 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ። ቁስሉ የዳነ ቢመስልም ክሩን በቤት መቀስ መቁረጥ አይገባም፤ ፊት ላይ ያለ ስፌት ከ5 ቀን ገደማ በኋላ፣ እጅና እግር ላይ ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በቀጠሮ በባለሙያ ይወጣል።