ፍላግ ቀይራችሁ ሜክ ዝም ሲላችሁ

ቢሯችን አራት ኪሎ ነው፤ ከአንድ ማኪያቶ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ጠራችኝ። «ከኦ0 ወደ ኦ2 ቀየርኩት፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም አልፈጠነም» አለች። ኦ0 እና ኦ2 ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ፕሮግራሙን ምን ያህል እንዲያፈጥን የሚነግሩት ፍላጎች፣ ማለትም የትዕዛዝ አማራጮች ናቸው፤ ኦ0 አያፈጥንም፣ ኦ2 ያፈጥናል። ኮምፓይለሩን ለየፋይሉ የሚያሠራውን ሜክን ስትጠራው «የሚሠራ ነገር የለም» ይላታል። አንድ ፋይል ነካ አድርጋ ስትሞክር ደግሞ ያቺ ፋይል ብቻ በኦ2 ተሠራች። ሌላው በኦ0 እንደቀረ ነው። ልጅቷ ጥፋት የለባትም።

ሜክ የሚያየው የፋይል ሰዓት ነው። ሶርስ ፋይሉ (የጻፍነው ኮድ) ከኦብጀክት ፋይሉ (ኮምፓይለሩ ከእሱ ከሠራው) በኋላ ካልተነካ ያልፈዋል። ፍላጉን የያዘው ትዕዛዝ መቀየሩን አይመዘግብም። በ1976 ሲፈጠር ጀምሮ እንዲህ ነው።

ለዛሬ ብቻ ከሆነ ሜክ ክሊን ብላችሁ የተሠራውን ሁሉ አጥፉና እንደገና ሥሩ። የኛ ግን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ አስቡት። ስለዚህ ዘላቂውን አሳየኋት።

ፍላጎቹን የሚይዝ ትንሽ ጽሑፍ ፋይል አዘጋጁ። ሜክ በተጠራ ቁጥር የዚህ ፋይል ትዕዛዝ ይሂድ። ለዚህም ፎርስ የሚባል፣ በዲስክ ላይ የሌለ ባዶ ታርጌት (ሜክ ሥራ ተብሎ የሚሰጠው ስም) ዲፔንደንሲ (ቀድሞ የሚታይ ጥገኛ ነገር) አድርጉለት። ትዕዛዙ የአሁኑን ፍላግ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ፋይሎችን በሚያወዳድረው ሲኤምፒ ከአሮጌው ጋር ያወዳድር፣ ከተለየ ብቻ ይተካ። «ብቻ» የምትለዋን አደራ! ሁልጊዜ ከጻፋችሁበት ሰዓቱ ይታደስና ሁሉም ነገር በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ፋይሉን የእያንዳንዱ ኦብጀክት ዲፔንደንሲ አድርጉት፤ ከሶርስ ፋይሉ ቀጥሎ እንጂ በፊት አይሁን። ለኮምፓይለሩም የመጀመሪያውን ዲፔንደንሲ ብቻ ስጡት፤ ሁሉንም ከሰጣችሁት ጽሑፍ ፋይሏንም አብሮ ይወስዳታል። እኛ እዚህ ጋ ተይዘን ነበር። ኤልቲኦ (በሊንክ ጊዜ የሚደረግ ማፍጠን) የምትጠቀሙ ከሆነ ኦብጀክቶቹን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገናኘው የመጨረሻው የሊንክ ሥራም በዚያው ፋይል ላይ ይንጠልጠል።

ፈትሹት። ሁለት ጊዜ ተከታትላችሁ ሜክ በሉ፤ ሁለተኛው ምንም መሥራት የለበትም። ኦ2ን ኦ3 አድርጉት፤ አሁን ሁሉም መሠራት አለበት።

በዲበግ (ስህተት መፈለጊያ) እና በሪሊስ (ለተጠቃሚ በሚሰጠው) ሥሪት መካከል ቶሎ ቶሎ የምትመላለሱ ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው ሁለት ፎልደር ነው፤ አንዱ ለኦ0፣ አንዱ ለኦ2። የሜክን ዓይነት ሥራ የሚሠራው ኒንጃ ደግሞ የትዕዛዙን መቀየር ራሱ ስለሚያስታውስ፣ አዲስ ፕሮጀክት ለምትጀምሩ ከእሱ ጀምሩ እላለሁ።