ዲስትሮን ወደ አዲስ ፓይተን ማሻገር

ፓይተን በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ አዲስ ቨርዥን ያወጣል። የምትይዙት ዲስትሮ (እንደ ዴቢያንና ፌዶራ ያለ የሊኑክስ ስርጭት) ውስጥ ብዙ ፓኬጅ በሱ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ መቀየሩ ሰዎች እየኖሩበት የቤት መሠረት እንደመለወጥ ነው። ስለዚህ ነባሪውን ቨርዥን (ሌላ ካልተመረጠ ሲስተሙ የሚጠቀመውን) ለመቀየር አትቸኩሉ።

የመጨረሻው ቨርዥን እስኪወጣም አትጠብቁ። ፌዶራዎች ገና አልፋው (የመጀመሪያው የሙከራ ቨርዥን) ሲወጣ ጀምረው፣ ከዋናው ሪፖዚተሪ ውጪ ፓኬጆቹን ቢልድ እያደረጉ (ከሶርስ ኮዳቸው እየሠሩ) የሚሰበረውን ይለቅማሉ። እናንተም ቢልድ ከመጀመራችሁ በፊት የተወገዱ ሞጁሎችን በሶርስ ኮዱ ውስጥ ፈልጉ። 3.12 ዲስትዩቲልስን ጣለ፤ 3.13 ደግሞ ሲጂአይንና ቴልኔትሊብን።

ዴቢያን የሚሄድበት መንገድ ለኔ ይመቸኛል። አዲሱ ቨርዥን ከአሮጌው ጎን ይገባል፣ ነባሪው ግን አይነካም። ከዚያ በሲ የተጻፉት ሞጁሎች ለሁለቱም እንደገና ቢልድ ይደረጋሉ፤ ምክንያቱም ለ3.12 ኮምፓይል የተደረገ ሞጁል፣ ለቋሚው ኤቢአይ (ከቨርዥን ቨርዥን ለማይቀየረው የሲ ሞጁሎች መገናኛ) ካልተሠራ በቀር፣ ለ3.13 የለም ማለት ነው። በንጹህ ፓይተን የተጻፉት ዴቢያን ላይ የቨርዥን ቁጥር በሌለው የጋራ ፎልደር ስለሚቀመጡ አብዛኞቹ ባሉበት ይቀጥላሉ። ፌዶራ ላይ ግን ፎልደሩ ራሱ ቁጥሩን ይዟል፣ ስለዚህ ሁሉም እንደ አዲስ ይሠራል።

ጭንቅላት የሚያዞረው ቅደም ተከተሉ ነው። ፓይቴስትን (የፓይተን ቴስት ማስኬጃ መሣሪያውን) ቢልድ ለማድረግ ሌሎች ፓኬጆች ያስፈልጋሉ፣ እነሱ ደግሞ ቴስታቸውን ለማስኬድ መልሰው ፓይቴስትን ይጠይቃሉ። መውጫው በመጀመሪያው ዙር ቴስቱን ማጥፋት ነው። ያጠፋችሁባቸውን ግን ጻፉ! እኔ አንዴ ሳልጽፍ ቀርቼ፣ የተሰበረ ፓኬጅ ለወራት ደህና መስሎኝ ኖሯል።

አብዛኛው ፓኬጅ ቶሎ ያልፋል፣ ጊዜ የሚበላው ጭራው፣ ማለትም እየወደቁ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት፣ ነው። የወደቀውን ሁሉ በአንድ ዓይን አትዩ፤ ብዙ ፓኬጅ የሚደገፍበትን አስቀድሙ፣ ፓቹንም (የማስተካከያ ኮዱን) ለዋናው ፕሮጀክት ላኩ። ዋናው አዘጋጅ የተወው፣ ማንም የማይደገፍበት ከሆነ ግን አውጡት። አዎ፣ የሚያኮርፍ አይጠፋም።

ጭራው ሲያልቅ ነባሪውን ቀይሩ። ቀጥሎ አሮጌውን ከሚደገፉ ቨርዥኖች አውጡና ሞጁሎቹን አንዴ ደግማችሁ ቢልድ አድርጉ፤ አለዚያ የአሮጌው ፋይሎች ፓኬጆቹ ውስጥ ይቀራሉ።

ለተጠቃሚው ሁለት ነገር ጻፉለት። በአሮጌው የተፈጠሩ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቶች (ለየፕሮጀክቱ ተለይተው የተከለሉ የፓይተን ፎልደሮች) እንደገና መፈጠር አለባቸው። የሲስተሙን ፓይተን ሊንክ ደግሞ በእጁ ወደ ሌላ ቨርዥን አያዙር፤ ያዞረ ቀን በፓይተን የተጻፉት የሲስተሙ የራሱ መሣሪያዎች ሞጁላቸውን አጥተው ይወድቃሉ።