ኮላይቲስ ያለበትን ሰው ሆስፒታል ስታስታምሙ፦ ኢንፍሊክሲማብን ከመጀመሪያው ቀን አስቡበት

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ (ትልቁ አንጀት የሚቆጣበትና የሚቆስልበት ሕመም) ያለበት ሰው በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካስቀመጠው፣ በዚያ ላይ ትኩሳት ካለው ወይም የልብ ምቱ በደቂቃ ከ90 ካለፈ፣ ቤት ይዞ መቀመጥ አይቻልም። ሆስፒታል ይተኛል። የምጽፈው ለአስታማሚው ነው፤ ታማሚው ራሱ ደክሞ ለመጠየቅ እንኳ አቅም ያጣል።

መጀመሪያ በደም ስር የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊግራም በየስድስት ሰዓቱ። ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ በዚህ ይሻላቸዋል። ለሦስተኛው ነው ኢንፍሊክሲማብ የሚታሰበው፤ ቲኤንኤፍ የሚባለውን፣ የአንጀቱን ብግነት የሚያባብሰውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት ነው።

ስቴሮይዱ መሥራቱ የሚገመገመው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ቀን ከስምንት ጊዜ በላይ ካስቀመጠው፣ ወይም ከሦስት እስከ ስምንት ሆኖ ሲአርፒ የሚባለው፣ የብግነትን መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ በሊትር ከ45 ሚሊግራም በላይ ከሆነ፣ በስቴሮይድ ብቻ መቀጠል አያዋጣም። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉ፣ ደም ነበረው አልነበረውም፣ ከእንቅልፍ ቀስቅሶታል ወይ። ሐኪሞቹ ለራውንድ መጥተው ሲጠይቁ «ዛሬ ትንሽ ይሻለዋል» ከማለት ደብተሩን ማሳየት በጣም ይለያል።

አሁን ዋናው ነገር። ኢንፍሊክሲማብ ድብቅ ቲቢ ይቀሰቅሳል፣ እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር ደግሞ ይህ በዋዛ አይታይም። የቲቢ ምርመራና የደረት ራጅ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪ በመጀመሪያው ቀን መታዘዛቸውን ጠይቁ። በሦስተኛው ቀን ከታዘዙ ውጤት ሲጠበቅ ሌላ ቀናት ይሄዳሉ፣ አንጀቱ ግን አይጠብቅም። ሰገራውም ለአሜባና ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ለሚባለው ባክቴሪያ ይመርመር፤ አሜባ ኮላይቲስን በጣም ይመስላል።

መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፣ በደም ስር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ይደገማል። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን በጣም የወረደበት ታማሚ ላይ መድኃኒቱ ከሰገራ ጋር ስለሚወጣ መጠኑን ከፍ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ። ከውጭ ፋርማሲ ግዙ ከተባላችሁ በበረዶ ሳጥን ያዙት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፣ በረዶ መሆን ግን የለበትም። ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚገታው ስለ ሌላው መድኃኒት፣ ስለ ሳይክሎስፖሪን ጠይቁ። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሁለቱ ተቀራራቢ ውጤት አሳይተዋል። እሱም ቢሆን የኩላሊት፣ የማግኒዥየምና የኮሌስትሮል ምርመራ ይቀድመዋል።

«ደም እየፈሰሰው ደም ማቅጠኛ ይወጉታል እንዴ?» ብላችሁ አትከልክሉ። ይህ በሽታ ሲብስ ደም ስር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ከፍተኛ ነው፣ መርፌው ለዚያ ነው። በራሳችሁ ግን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ተቅማጥ ማቆሚያ እንዳትሰጡት።

ከቀዶ ሐኪሙ ጋርም ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተነጋገሩ። ሆዱ በድንገት ከተነፋ ወይም ሕመሙ ከጨመረ፣ ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ወዲያው ጥሩ። ከኢንፍሊክሲማብ በኋላ ሳምንት ያህል ቆይቶም ለውጥ ከሌለ ቀዶ ጥገናውን አታዘግዩት።